ስንት ይከፈለዋል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በየቤታችን አንድ ጥያቄ ሌሎቹን ጥያቄዎች ሁሉ አባርሮ ብቻውን ተቀምጧል። ልጅ ሥራ ያዘ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ስንት ይከፈለዋል?» የሚል ነው። ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ሥር እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚማርበት፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ዙህር የሚሰግድበት ጊዜ እንዳለው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ «ማሻአላህ፣ ልጁ ደረሰ!» ተብሎ ወሬው ይዘጋል። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሰው እንደሞተበት «አይዞህ፣ አላህ ያሻሽልልህ» ይባላል። እስቲ በአላህ! ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ የት ነው የደረሰው?

ነገሩ ከቡና ወሬ አልፎ ኒካሕ ውስጥ ገብቷል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዲኑንና ጠባዩን የወደዳችሁለት ሰው ሲመጣችሁ ዳሩለት ብለው አስተምረውናል። እኛ ግን ሽማግሌ ሲመጣብን ዲኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጨርስና ደመወዙን ለግማሽ ሰዓት እንመረምራለን። መህሩም የሚቆረጠው በዚያው ልክ ሆኗል። ሐቁ ይህ ነው፤ ያልሰማነው ያህል አንሁን።

ይህን የሚጽፈው የመድረሳ አስተማሪ ነው። ከጠመኔ ብናኝና ከወላጆች ወርሃዊ መዋጮ ሌላ የማያውቅ ሰው ስለ ሰው ደመወዝ ሲጽፍ ቅናት ነው የሚል አይጠፋም። ይበል። ደመወዝ ይብዛ አይብዛ አይደለም የምከራከረው። እንዲያውም ሐላል ገንዘብ በሙስሊም ወጣት እጅ ሲገባ ደስ ከሚላቸው አንዱ ነኝ። «ድህነት ለኢማን ይሻላል» እያሉ ልጆቻቸውን ከሥራ የሚያዘናጉ ሰዎችም አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም። በሰሓቦች መካከል እንደ ዑስማንና እንደ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ያሉ ባለጸጎች ነበሩ፤ ሀብታቸውም ከጀነት ብስራት አላስቀራቸውም።

ዕድሜም ቢሆን ነውር አይደለም። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ወደ ሻም በሚዘምተው ጦር ላይ አዛዥ ሲደረግ ሃያ ዓመት ግድም ነበር፤ ከሥሩ ጢማቸው የሸበተ ታላላቅ ሰሓቦች ነበሩ። አንዳንዶች ሲያጉረመርሙ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለሹመቱ የተገባ መሆኑን ነግረዋቸዋል። መካ ከተከፈተች በኋላ የተሾመባት ዐታብ ኢብኑ አሲድም ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር። በሲራ ኪታቦች እንደተዘገበው የተቆረጠለት በቀን አንድ ዲርሃም ነው፤ እሱም ይኼ ይበቃኛል ብሎ በሕዝብ ፊት ተናግሯል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የመካን ያህል ከተማ በእጁ የያዘ ወጣት ደመወዙ አንድ ዲርሃም ነበር። ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ ክፍያው ግን ትንሽ ነው። እኛ ሁለቱን አንድ ነገር አድርገን ይዘናቸዋል፤ የተሳሳትነውም እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩን በምናውቀው እንየው። በደሴም ሆነ በጂማ፣ በጅግጅጋም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በዓመቱ የእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክት ውስጥ ሲቀጠር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የመንግሥት መምህር ብዙ ዓመት አገልግሎ የማያገኘውን እሱ በመጀመሪያው ወር ይቀበላል። በላዩ ላይ ውሎ አበል አለ፣ የስልክ ካርድ አለ፣ ዓርማ የተለጠፈበት መኪና ከበር ላይ ያነሳዋል። እናት በእድር ድንኳን ውስጥ ድምጿ ከፍ ይላል። አባት መስጂድ ሲገባ ሰዎች ቦታ ይለቁለታል። ይህን ሁሉ ያመጣው ልጁ ምን ቢሆን ነው? ብዙ ጊዜ የሪፖርት ሠንጠረዥ መሙላት፣ የሥልጠና ተሳታፊዎችን ማስፈረም፣ ዕቃ ማከፋፈል ነው። ሥራው ሐላል ነው፣ ለችግረኛም ይጠቅማል፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ሃያ አራት ዓመት ልጅን ለአምስት ዓመት ያንኑ ሠንጠረዥ ቢያስሞሉት ዕውቀቱ አያድግም። የሚያድገው የቤቱ ወጪ ነው።

የፕሮጀክት ደመወዝ ጠባዩ ሌላ ነው። ውሉ የሚጻፈው ለፕሮጀክቱ ዕድሜ ነው፤ ለዓመት፣ ለሁለት ዓመት፣ ሲረዝም ለአምስት። ገንዘቡ የሚወሰነው ልጁን አይቶት በማያውቅ ለጋሽ አገር ነው። ልጁ ጎበዝ ቢሆን አያስቀጥለውም፤ ሰነፍ ቢሆንም አይደለም የሚያቋርጠው። በጥር 2017 ዓ.ል (እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 2025) የሆነውን ሁላችንም አይተናል። አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት ሲያግድ፣ በአገራችን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የኮንትራት ጤና ሠራተኞች ብቻ 5,000 ያህሉ ውላቸው እንዲቋረጥ ተነገራቸው። በሌሎች ድርጅቶች ያሉትም ተከተሉ። ዩኤስኤአይዲ የተባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ሰኔ 24/2017 ዓ.ል ሥራውን አቁሞ ቀሪው ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። ትናንት «ደረሰ» የተባለው ልጅ ጠዋት ከቤት የሚወጣበት ቦታ አጣ።

ይህ በሌላ አገር የተወሰነ ቀደር ነው፤ ልጁንም ቤተሰቡንም አልወቅስበትም። የምወቅሰው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ የተደረገውን ነው።

ከዚያ በፊት የተደረገው ምንድን ነው? የማውቀው አንድ ወጣት አለ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ፕሮጀክት ውስጥ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት የታናናሾቹ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በእሱ ላይ ወደቀ። በሁለተኛው የቤቱ ጣሪያ ተቀየረ። በሦስተኛው የማታ ትምህርት ቀጥዬ ሙያዬን ላሻሽል ብሎ ያጠራቀመው ገንዘብ ለወንድሙ ሰርግ ሄደ። «አሁን ትምህርት ምን ያደርግልሃል? ከተማሩት በላይ እያገኘህ!» አሉት። ያሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ አባቱና አጎቶቹ ናቸው። ልጁ ዝም አለ። ወላጅን ማስከፋት ከባድ መሆኑን እኛው መድረሳ ውስጥ አስተምረነዋልና።

ከዚያ በኋላስ? ሥራው በቆመ በሦስት ወሩ አንድ ነባር የሒሳብ መርማሪ ቢሮ ውስጥ ቦታ አገኘ። ደመወዙ ከበፊቱ ሩብ አይሞላም። ነገር ግን ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ደቀ መዝሙር የሚያወጣ፣ ሙያውን የማይሰስት ነው። እናቱ አለቀሰች። «ሰው ምን ይላል? ወረደ አይልም ወይ?» አለች። ልጁ ቦታውን ሳይቀበል ቀረ፤ እስከ ዛሬም ቤት ነው ያለው። ሌሎቹ ደግሞ «ከወረድኩ ልሂድ» ብለው በጅቡቲ ኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ደላላ ይፈልጋሉ። የወሎ እናቶች ያ ባሕር ስንቱን እንደዋጠ ያውቁታል፤ እኔ አልነግራቸውም።

ያ ኢኽዋን! «ወረደ» የሚለውን ቃል ማን ሰጠን? ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) በመካ የታወቀ ነጋዴ ነበር። ሀብቱን ጥሎ መዲና ገባ። የአንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ግማሽ ሀብቴን ውሰድ አለው። ዐብዱረሕማን ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀው። ወደ በኒ ቀይኑቃዕ ገበያ ሄዶ ደረቅ አይብና ቅቤ ይዞ ተመለሰ። ትናንት ትልቅ ነጋዴ የነበረ ሰው ቅቤ ሲቸረችር መዲና ውስጥ «ወረደ» ያለው አልተዘገበም። ብዙም ሳይቆይ በወርቅ መህር አገባ። የኛ ልጅ ግን ቅቤ ልቸርችር ቢል እናቱ በሩን ትቆልፍበታለች።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር ልበል፤ ሰፈሩ የሚያወራው ቁጥር ከልጁ ኪስ የሚገባው አይደለምና። በ2017 ዓ.ል በተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ መሠረት ከ2,000 ብር በላይ ያለው ገቢ በየደረጃው ግብር ይከፈልበታል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። 60,000 ብር የተባለለት ወጣት ወደ 19,000 ብር ግብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 4,200 ብር ይቆረጥበታል። እጁ የሚገባው 37,000 ብር እንኳ አይሞላም። ቤት ኪራዩ፣ ትራንስፖርቱ፣ ምግቡ ከዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22/2016 ዓ.ል ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ብር ቆጥሮ የኮራ ሁሉ ያኔ ኩራቱ በአንድ ወቅት እኩል ለእኩል ተሰነጠቀ። ዘመድ አዝማድ ግን የሚያስበው ስልሳውን ነው፤ የሚጠይቀውም በስልሳው ልክ ነው።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን የልጅ ሀብት የአባቱ መሆኑን የሚያነሳውን ሐዲስ ይጠቅሱብኛል። አልክድም፤ የወላጅ ሐቅ ትልቅ ነው፤ የተቸገረ ወላጅን መቀለብ በሚችል ልጅ ላይ ግዴታ ነው። ነገር ግን ብዙሃኑ የፊቅህ ዑለማኦች ያንን ሐዲስ አባት እንደፈለገ ይውሰድ ብለው አልተረዱትም፤ በችግሩ ልክ ይወስዳል ነው ያሉት። ሰፋ አድርገው የፈቀዱትም ቢሆኑ ልጁን የሚጎዳ እንዳይሆን፣ እሱ ራሱ የሚያስፈልገውን እንዳይነጥቀው ሸርጥ አስቀምጠዋል። ማስረጃው ደግሞ ቅርብ ነው። ልጅ ያለው ሰው ሲሞት ቁርኣን ለአባቱ የመደበው ከስድስት አንድ እጅ ነው። ሁሉም የአባት ቢሆን ኖሮ ከራሱ ሀብት ላይ ስድስተኛ ይካፈል ነበርን? የወንድም ሰርግና የአጎት ቴሌቪዥን ደግሞ በየትኛውም መዝሀብ የልጅ ግዴታ ሆኖ አላየሁም። ኪታቡን ገልጦ የሚያሳየኝ ካለ እጁን እስማለሁ።

ሥራና እድገት ምን እንደሆነ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። መርካቶን ተመልከቱ። ከስልጤና ከጉራጌ ገጠር የመጣ ልጅ በሊስትሮ ወይም በሱቅ ተላላኪነት ይጀምራል። መጀመሪያ ሱቁን ይጠርጋል፣ ሸክም ያወርዳል። ቀጥሎ ጨርቅ ይለካል። ከዚያ ደንበኛ ያነጋግራል። ከዓመታት በኋላ ባለሱቁ ጁሙዓ ሲሄድ ቁልፉን ለእሱ ሰጥቶት ይሄዳል። የልጁ ደረጃ የሚታወቀው በዚያ ቁልፍ ነው። ያን ዕለት የሚከፈለው ገንዘብ ምናልባት አልተጨመረም፤ እሱ ግን ሌላ ሰው ሆኗል፤ የራሱን ሱቅ የሚከፍትበት ቀንም ከዚያ ይቆጠራል። የወሎ ደረሳም እንዲሁ ነበር፤ ፊቅህ በአንዱ ሸኽ ዘንድ፣ ነሕው በሌላው፣ በእግሩ እየተጓዘ፣ ቆሎ እየቆረጠመ። አንድም ሸኽ ደረሳን «ስንት አገኘህ?» ብሎ አልጠየቀም፤ «የት ደረስክ?» ነበር የሚለው፤ የኪታቡን ባብ ማለቱ ነው። ዛሬ «ደረሰ» የሚለውን ቃል ከኪታቡ ላይ ነጥቀን ፔሮል ላይ ለጥፈነዋል።

ሱረቱል ቀሰስን የቀራ ሰው ይህን ነገር ያገኘዋል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ከምስር ሸሽቶ መድየን ሲገባ ምንም አልነበረውም። የሽማግሌው ልጅ አባቷን እንዲቀጥረው ስትጠይቅ የጠቀሰችው ሁለት ነገር ነው፤ ብርታቱንና ታማኝነቱን። ከስምንት እስከ ዐሥር ዓመት መንጋ ጠበቀ፤ ክፍያውም ኒካሑ ነበር። በዚያው ሱራ መጨረሻ አካባቢ ቃሩን በጌጡ ተውቦ ይወጣል፤ ዱንያን የሚፈልጉት ምነው የሱ ዓይነት ሀብት በኖረን ብለው ይመኛሉ፤ ምድርም ትውጠዋለች። አላህ ሁለቱን በአንድ ሱራ ያኖራቸው ያለ ጥበብ አይደለም። እኛ ቤት የሚወደሰው ግን የትኛው ነው?

ከየት መጣ የሚለውንም ጥያቄ ረስተነዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው ተመልሶ ይሄ የናንተ ነው፣ ይሄ ግን ለኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ሲል፣ ሚንበር ላይ ወጥተው ይህ ሰው እናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን ብለው ገሥጸዋል። ለጉሙሩክ፣ ለግዢ ክፍል፣ ለመሬት ቢሮ ልጆቻችን ይህችን ሐዲስ ማን ያነብላቸዋል? የወለዱን ጉዳይም እንዲሁ ነው። ቀድሞ «ሌላ ምን አማራጭ አለ?» ይባል ነበር። ከወለድ ነጻ አገልግሎት በ2011 እ.ኤ.አ ከተፈቀደና በ2021 እ.ኤ.አ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ከተከፈቱ ወዲህ ግን ሰበቡ በእጅጉ ጠቧል።

ስለ ሴት ልጆቻችን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ሐቅ ማጉደል ይሆንብኛል። ዛሬ ከወንድሟ በላይ የምታገኝ ሙስሊም ወጣት ብዙ ናት፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን አዲስ ነገር ሰማሁ፤ ወንዱ ለኒካሕ ሲልክ የእሷን ደመወዝ እየጠየቀ ነው። በሸሪዓ የሚስት ገንዘብ የራሷ ነው፤ ቢሊየነር ብትሆን እንኳ ቀለቧና ልብሷ በባሏ ላይ ነው፤ ወዳ ብታግዘው ሰደቃ ይሆንላታል። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘቧን የሰጠችው ወዳ ነው፤ እሷ ለኒካሕ የፈለገቻቸውም ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) በንግዷ ልካ ታማኝነታቸውን ካየች በኋላ ነበር። የልጅቱን ፔሮል ቆጥሮ የሚመጣ ወንድ ሚስት እየፈለገ አይደለም፣ አሠሪ እየፈለገ ነው። አባቶች ይህን በር ላይ መልሱት። እናንተ ራሳችሁ ደግሞ ደመወዟ እንዳይቀርባችሁ ብላችሁ ትዳሯን አታዘግዩባት፤ እንዲህ የሚያደርግ ቤት አለ፣ አውቀዋለሁ።

ደመወዝ የያዘ ወጣት በቤታችን ካለ ልናደርግለት የሚገባው ከባድ አይደለም። የቤቱን ወጪ በእሱ ደመወዝ ልክ አናስፋው። ከሚቀረው ላይ ለትምህርቱና ለሙያው የሚሆነውን ማንም እንዳይነካው አባት ራሱ ዘብ ይቁም። ያጠራቀመው 85 ግራም ወርቅ የሚያወጣ ሲሆንና ዓመት ሲዞረው 2.5 በመቶ ዘካ እንዳለበት ይነገረው፤ ደመወዙን ሁሉ በሰርግና በጣሪያ ካስጨረስነው ግን ይህን ዒባዳም አብረን ወስደንበታል። ሥራው ቆሞበት ቤት የተቀመጠውን ደግሞ ነገ ጠዋት አባቱ ይዞት ይውጣ። ያ የሒሳብ መርማሪ ቢሮ እስከ ትናንት ድረስ ቦታው አልተያዘም ነበር። ሩብ ደመወዝ ነው፤ ልጁ ሥራውን ቢጀምር እናቱ በእድር ድንኳን ውስጥ ድምጿን ዝቅ ማድረግ የለባትም።